የሚሰማ ቆዳ፦ ክራር፣ ጊታርና የሞንታርቦ ፉጨት

ጥር ወር ላይ ቆቦ ዙሪያ ሰርግ ተጠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም። ዳሱ ተጥሏል፤ ጀነሬተሩ ከጓሮ ይንደቀደቃል፤ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ከዳሱ አፍ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ክራር ተጫዋቹ ቃኝቶ ጨርሶ ገና አንዴ ሲገርፍ፣ ከየት መጣ ሳይባል ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ዳሱን ይሞላዋል። ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ አንዱ ከኋላ «ኧረ ቀንሱት!» ይላል። የድምጽ ባለሙያው ሮጦ አንድ ነገር ይነካል፤ ፉጨቱ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል።

(ሞንታርቦ፣ ለማታውቁት፣ የአንድ የጣሊያን የድምጽ መሣሪያ አምራች ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ምርቱ የየትም አገር ይሁን፣ ትልቅ ድምጽ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ነው።)

እንዲህ ሲሆን ጥፋተኛ ይፈለጋል። መጀመሪያ የሚከሰሰው ሞንታርቦው ነው፤ ቀጥሎ የድምጽ ባለሙያው። በመጨረሻ ግን ፍርዱ ክራሩ ላይ ይወድቃል፦ «የቆዳ ክራር ለስፒከር አይሆንም፣ ኤሌክትሪኩን አምጡ።» ቆዳ ያልለበሰው፣ ከድፍን እንጨት የተሠራው ኤሌክትሪክ ክራር በየመድረኩ ቦታውን እየያዘ የመጣው በከፊል በዚህ ፍርድ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው ወይ? ለመመለስ ትንሽ ፊዚክስ፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ መቶ ዓመት የማያንስ ታሪክ ያስፈልገናል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ ከፉጨቱ እንጀምር። ክራሩ ፊት ማይክሮፎን አለ። ማይክሮፎኑ ድምጹን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ሞንታርቦው መልሶ ድምጽ ያደርገዋል። እስከዚህ የታሰበው ነው። ያልታሰበው፣ ከሞንታርቦው የወጣው ድምጽ ወደ ሰርገኛው ብቻ አለመሄዱ ነው። ከፊሉ ዞሮ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ይጎላል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ድምጹ ክብ እየዞረ ነው ማለት ነው። አሁን የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ ከመነሻው አንሶ ነው ወይስ በልጦ?

በቆቦ ሙቀት እናስላው። አየሩ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምጽ በአንድ ሴኮንድ 352 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሞንታርቦው ከክራሩ 3.5 ሜትር ቢርቅ አንዱ ዙር አንድ መቶኛ ሴኮንድ ይፈጃል፤ በሴኮንድ መቶ ዙር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዙር ድምጹን 0.9 እጥፍ የሚያደርገው ከሆነ ሰላም ነው፤ ከሴኮንድ በኋላ ከመነሻው የቀረው አንድ ሠላሳ ሺኛ እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ዙር 1.1 እጥፍ ካደረገው ግን ያው መቶ ዙር 13,780 እጥፍ ያደርሰዋል። በተግባር እዚያ አይደርስም፤ አምፕሊፋየሩ ከዚያ በፊት አቅሙ ያልቅና ባለበት ይጮሃል። በ0.9 እና በ1.1 መካከል ያለው ልዩነት በድምጽ መቀነሻው ላይ የጣት እንቅስቃሴ ታህል ናት። የድምጽ ባለሙያው ሲነካው ዝም የሚለው፣ ዘፋኙ «ትንሽ ጨምርልኝ» ሲል ደግሞ ተመልሶ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ሁሉም ድምጽ አይፎጭም። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ የምትገፉ ከሆነ፣ ልክ ሲመለስ ካልገፋችሁት ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ታቆሙታላችሁ። ዙሩን ጨርሶ የሚመለሰው ድምጽም እርምጃው ከአዲሱ ድምጽ ጋር ከገጠመ ብቻ ያድጋል። በእኛ ምሳሌ ይህ በየ100 ኸርዙ ይገኛል። ክራር ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ፉጨቱ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ የምትሰሙት የዙሩ ርዝመት ስለተለወጠ ነው። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ይህን ክስተት በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሶረን አብሳሎን ላርሰን (1871–1957) ስም «ላርሰን» ይሉታል። የእኛ ሙዚቀኞች «ፊድባክ» ይላሉ፣ አለዚያም በቃ «ጮኸ»።

ይህ ለማንኛውም ማይክሮፎን ይሠራል። ሰባኪም፣ መርሐ ግብር መሪም፣ የቀበሌ ሰብሳቢም ያስጮኸዋል። ክራር ከሰው ድምጽ ብሶ ለምን ይጮሃል? መልሱ ያለው ቆዳው ላይ ነው።

ክራርን አንሥታችሁ እዩት። የተቦረቦረ ገበቴ፣ አፉ ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ቋሚዎች፣ በላያቸው የተጋደመ ቀንበር፣ አምስት ወይም ስድስት ክር። ድምጹ ከክሩ የሚመጣ ይመስለናል። ክሩን ግን ከገበቴው ነጥላችሁ በሁለት ሚስማር መካከል ብትወጥሩት ከቅርብ ካልሆነ አይሰማም፤ ቀጭን ክር አየርን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገፋም። አየሩን የሚገፋው ቆዳው ነው። ክሩ ብርኩማውን፣ ማለትም የሚያርፍበትን ትንሽ ድልድይ፣ ያንቀጠቅጣል፤ ብርኩማው ቆዳውን፤ ቆዳው አየሩን። ቆዳው ቀላልና የተወጠረ ስለሆነ ለትንሿ ንዝረት ሁሉ ይታዘዛል። የክራር ውበት ይኸው ነው።

ችግሩም ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሎርድ ራሌይ የመጀመሪያውን የ«ድምጽ ንድፈ ሐሳብ» ቅጽ በ1877 ሲያሳትም፣ ድምጽ ሰጪና ተቀባይ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አንድ መሆኑን የሚያሳይ ሕግ በሰፊው አብራርቶ ነበር። ወደ እኛ ነገር ሲመነዘር፦ አየርን በደንብ የሚገፋ ቆዳ በአየር በደንብ ይገፋል። ጥሩ ተናጋሪ የሆነ ዕቃ ጥሩ ሰሚም ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ክራርን ሞንታርቦ አጠገብ ስታቆሙት፣ ሳታውቁት ሁለተኛ ማይክሮፎን አቁማችኋል፤ የሞንታርቦው ድምጽ ቆዳውን ይመታል፣ ቆዳው ክሮቹን ያነቃል፣ ማይኩ ያንን ይሰማል። የሰው ድምጽ እንዲህ አይደለም። ሞንታርቦ ስለጮኸ የዘፋኙ ጉሮሮ አብሮ አይንቀጠቀጥም።

የጊታር በሽታ

በዚህ ሕመም መጀመሪያ አገር ያወቀው ጊታር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የጃዝ ባንዶች ትራምፔትና ሳክስፎን ደርድረው ሲጫወቱ ጊታሩ አይሰማም ነበር። ጊብሰን ኩባንያ በ1936 ኢኤስ 150 የተባለውን ጊታር አወጣ፤ ሆዱ ክፍት የሆነ፣ ደረቱ ላይ እንደ ቫዮሊን ቀዳዳ ያለው ተራ ጊታር ላይ ማግኔታዊ ፒክአፕ የተገጠመበት። ወጣቱ ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 ቤኒ ጉድማን ዘንድ ሲገባ የያዘው ይህን ነበር፤ ጊታር ከትራምፔት እኩል ብቻውን የሚናገርበት ዘመን በእሱ ተከፈተ። ግን አምፕሊፋየሩ እየጎላ ሲሄድ የጊታሩ ሆድ መስማት ጀመረ። ያ ክፍት ሆድ፣ ያ ቀጭን ደረት፣ ልክ እንደ ክራሩ ቆዳ ድምጽ ተቀባይ ነው። ጊታሩ ያጓራ ገባ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ በአንድ ቃል ጊታሩን የማደንቆር ሥራ ነው። ሌስ ፖል የተባለው ጊታሪስት በ1940 ገደማ አንድ ድፍን የጥድ አጣና ላይ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ፣ ጊታር እንዲመስል ብቻ የጊታር ክንፍ ከግራና ከቀኝ ለጠፈበት። ስሙን «ግንድ» አለው። ግንድ አይሰማም፤ ስለዚህም አይጮህም። ሊዮ ፌንደር በ1950 ድፍን ጊታር በፋብሪካ እያመረተ ለገበያ አቀረበ። ድፍኑ ጊታር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ቻለ፤ ነገር ግን የሆዱ ልስላሴ አብሮ ጠፋ። ጊብሰን በ1958 ኢኤስ 335 ይዞ ሲመጣ ያደረገው ማስታረቅ ነው፦ ሁለቱ ክንፎች ክፍት፣ መሐሉ ግን ከላይ እስከ ታች ድፍን እንጨት። ግማሽ ሰሚ፣ ግማሽ ደንቆሮ።

ቢ.ቢ. ኪንግ ደግሞ ከፋብሪካው ቀድሞ የራሱን ዘዴ ይዞ ነበር። የጊታሩን ቀዳዳዎች በጨርቅ ይወትፋቸው ነበር። ጊብሰን በ1980 በስሙ ያወጣለት «ሉሲል» ጊታር ቀዳዳ የለውም፤ ጨርቁ ወደ ንድፍ ተለወጠ ማለት ነው። እርግጥ ፉጨቱን ወደውት ዜማ ያደረጉትም አሉ፤ ቢትልሶች በ1964 ያወጡት አንድ ዘፈን ሆን ተብሎ በፊድባክ ይጀምራል፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ ፉጨቱን እንደ ፈረስ ጋልቦታል። የቆቦ ሰርገኛ ግን ይህን ለመስማት አልመጣም።

ነሐስና ጅማት

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ብዙ ሰው የሚጀምረው ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ልጆቹ የያዙት ነሐስ ነው፦ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ የመሳሰለው። ነሐስ ድምጽ ማጉያ አይፈልግም። ሜዳ ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ፈረስ እየጋለበ እንኳ ይሰማል። ከዚያ የተከተሉት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች በዚሁ ነሐስ ዙሪያ ቆሙ። ክራርና ማሲንቆ ከእነዚህ ባንዶች ፊት ለምን እንደራቁ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ስለ ንቀት፣ ስለ «ዘመናዊነት» ነው የምንሰማው። ያ አለበት። የድምጽ ጉልበት ጉዳይም እንዳለበት ግን አይነገርም። ሃያ ሰው ነሐስ በሚነፋበት መድረክ ላይ ማይክ የሌለው ክራር ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። ክራር የቤት፣ የጠጅ ቤት፣ የእልፍኝ ድምጽ ነው፤ አሥር፣ ሃያ ሰው ተጠጋግቶ የሚሰማው።

እነ ሜሪ አርምዴ፣ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ይዘው ሬዲዮና ሸክላ ላይ ሲመጡ ይህ ርቀት በማይክሮፎን ተሻገረ። ልብ በሉ፦ ስቱዲዮ ውስጥ ፉጨት የለም። ማይኩ አለ፣ ቆዳው አለ፣ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ የሚጮህ ሞንታርቦ የለም፤ ዙሩ አልተዘጋም። የአስናቀችን ክራር በሸክላ ስትሰሙ ያ የጣት ዳበሳ፣ ያ ቶሎ ተወልዶ ቶሎ የሚሞት የቆዳ ድምጽ ሳይሸራረፍ የቀረው ለዚህ ነው። ክራር ከማይክሮፎን ጋር ጠብ ኖሮት አያውቅም። ጠቡ ከሞንታርቦ ጋር ነው፤ እሱም የመጣው ከመድረክ ጋር ነው።

መድረኩ በ1960ዎቹ ተስፋፋ። ግብጽ የተወለደው አሜሪካዊ አቀናባሪ ሃሊም ኤል ዳብ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ኋላ ተስፋዬ ለማ መሩት። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ አብረው እንዲሰሙ ማድረግ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲቀዱ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባንዶቹ ሆቴል ውስጥ በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። የዚያን ዘመን ጊታር በጥሞና ስሙት፤ ትዝታ ወይም ባቲ ሲመጣ ጣቱ ክራር ይሆናል። ለእኔ ጆሮ ቢያንስ፣ ጊታሩ ክራሩ ሊገባበት ያልቻለውን መድረክ በክራሩ ስም ተረከበው።

ወሎ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች የተጠሩ ናቸው፤ ክራርና ማሲንቆ ላይ የተያዘ ዜማን ለጊታር ብቻ መተው እዚያ ቀላል አይደለም። በደርግ ዘመን ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን የወጡበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የባህል መሣሪያውን ይዞ ሰፊ መድረክ ላይ ቆመ። ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ክራር እንዲሰማ ከተፈለገ ደግሞ ማጉላት ግድ ነው። ማጉላት ካለ ዙሩ ይዘጋል።

መውጫው የሌስ ፖል መውጫ ሆነ። ክራሩ ጅማቱን በብረት ክር ለወጠ፤ ማግኔታዊ ፒክአፕ የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነውና፣ የአንጀት ጅማትም ናይለንም ለእሱ የሉም። ገበቴው ድፍን ሆነ። ቆዳው ቀረ። ዛሬ በየባህል ምሽት ቤቱ የምታዩት፣ ከጊታር ገመድ ጋር የተያያዘው፣ ጠፍጣፋው ክራር ይህ ነው። ሊቃለል የሚገባው ነገር አይደለም። ለንደን ላይ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 ያወጣውን «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የሰማ ሰው፣ ኤሌክትሪክ ክራር እንደ ሮክ ባንድ ክፍሉን ሊያናውጥ እንደሚችል ያውቃል። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜ ካተኮሩባቸው ነገሮች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። መሣሪያ ይለወጣል፤ ጊታርም ተለውጧል።

ቢሆንም ጊታሩ ላይ የሆነውንና ክራሩ ላይ የሆነውን አንድ አድርጌ ማየት ይከብደኛል። ጊታር ከድፍኑ ጎን ግማሽ ድፍኑን አገኘ፤ ክፍቱም እስከ ዛሬ ይመረታል፣ ይሸጣል። ክራር ጋ ግን መሐሉ ባዶ ነው። ወይ የቆዳው፣ ወይ ጣውላው። ጣውላው ላይ ክሩ ረጅም ጊዜ ያስተጋባል፤ ቆዳው ላይ ግን ቆዳው ጉልበቱን ቶሎ ስለሚበላው ድምጹ «ጠብ» ብሎ ይሞታል። የወሎ ዜማ በዚያ ሞት መካከል ባለችው ዝምታ ነው የሚተነፍሰው። ድምጹ ካልሞተ ቀጣዩ ድምጽ ላይ ይደረባል፤ አምባሰል ሲጫወቱ ይህ በግልጽ ይሰማል።

ታዲያ ቆዳው ሳይወጣ ፉጨቱን መግራት አይቻልም? ይቻላል። በተለይ ራያ ላይ።

ቆላው፣ ዳሱና መዳፉ

ቆቦ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ከፍታ አቅፈዋት በሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ደሴና ላሊበላ ከእሷ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣሉ። ክራር ይህን ልዩነት በቆዳው ያውቀዋል። ደጋ ላይ በእርጥብ ማለዳ የላላ ቆዳ፣ ቆላው ደረቅ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይጠብቃል። የቆዳው የራሱ ድምጽ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ ውጥረቱ በ21 በመቶ ቢጨምር ድምጹ በ10 በመቶ ይወጣል። ለምሳሌ ያህል ጠዋት 300 ኸርዝ ላይ ይፎጭ የነበረ ክራር እኩለ ቀን ላይ 330 ላይ ይፎጫል። የድምጽ ባለሙያው ጠዋት ኢኳላይዘሩ ላይ 300ን ለይቶ ዝቅ አድርጎ፣ «ገደልኩት» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ከምሳ በኋላ ፉጨቱ በሌላ በር ይመጣል። መሣሪያው ተበላሸ ይባላል። መሣሪያው ፀሐይ ነው የሞቀው። ከበሮ መቺው ከበሮውን ሆን ብሎ ፀሐይ ወይም እሳት የሚያሞቀው በዚሁ ሕግ ነው፤ ክራሩ ግን ሳይጠየቅ ይሞቃል። ክራሩን ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ከቀትር በኋላም እንደገና መቃኘትና እንደገና መፈተሽ፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ከበሮ ካነሣን፣ የራያ ጭፈራ ምቱ ከባድ ነው። ትልቁ ከበሮ ክራሩ አጠገብ ሲመታ የክራሩ ቆዳ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በክራሩ ማይክ በኩል ሁለተኛ፣ የደፈረሰ ከበሮ ይወጣል። ሰው «ክራሩ ይጎመጉማል» የሚለው ብዙ ጊዜ ከበሮውን ነው። ሚክሰሩ ላይ ክራር ጨርሶ የማይደርስበትን የታችኛውን ድምጽ መቁረጥና ከበሮውን ሁለት ሦስት እርምጃ ማራቅ ይበቃል።

ርቀት የቆላው ትልቅ ሀብት ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት የድምጹ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ በባለሙያ አነጋገር 6 ዴሲቤል። ሞንታርቦውን ከ3.5 ሜትር ወደ 7 ሜትር ብትወስዱት ያ ጉደኛ 1.1 ወደ 0.55 ይወርዳል። ጎልቶ ይፎጭ የነበረው ዝም ይላል፤ ክራሩ ላይ አንድ ሚስማር ሳይነካ። ራያ ሜዳ ላይ ሰባት ሜትር ማግኘት አይቸግርም። ሸራና ቅጠል የለበሰ ዳስም ለድምጽ ደግ ነው፦ የሚያሳልፈውን ያሳልፋል፣ የሚውጠውን ይውጣል፣ ብዙም አይመልስም። ጋቢ የለበሰ ሰርገኛ ሲሞላበት ደግሞ የበለጠ ይውጣል። ባዶ ዳስ ውስጥ ያስቸገረ ፉጨት ሰው ሲገባ የሚበርደው በዚህ ነው።

ከተማ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው አዳራሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ድምጹ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ክፍሉን እኩል ይሞላዋል፤ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ብትርቁም ባትርቁም ለውጥ የለውም። «ሞንታርቦውን አርቀነው እንኳ ጮኸ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ እንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ማይኩን ከክራሩ አንሥቶ ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፒክአፕ መጠቀም አንዱ ነው። ይህ አየሩን ሳይሆን የቆዳውን ንዝረት ይሰማል፤ ቆዳው ግን አሁንም አየሩን ስለሚሰማ ፈውሱ ግማሽ ነው። ማይክ ካልቀረ፣ ብዙዎቹ የመድረክ ማይኮች ጀርባቸው ደንቆሮ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሞንታርቦው ከማይኩ ጀርባ ይቁም እንጂ ፊት ለፊቱ አይቁም። ዳስ ውስጥ ቦታ ሲጠብ ተጫዋቹን ከሞንታርቦው ፊት የሚያስቀምጡት ሰዎች፣ ከመሣሪያው ሁሉ የከፋውን ስሕተት እየሠሩ ነው። የቢ.ቢ. ኪንግ ጨርቅም ይሠራል። ቆዳው ላይ ቀዳዳ ያለው ክራር ከሆነ፣ ገበቴው ውስጥ የምትገባ ትንሽ የጥጥ ቁራጭ ሆዱን ሳትዘጋው ታለዝበዋለች። ልክ ሲበዛ ክራሩ ይታፈናል፤ በጥቂቱ እየጨመሩ በጆሮ መፈተን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መድኃኒቱ ከጥንትም ክራር አጨዋወት ውስጥ መኖሩ ነው። ክራር በድርድር ሲጫወቱት ጣት አንድ አንዱን ክር ይነካል። በግርፍ ሲጫወቱት ግን ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ ዜማውን የሚለየው የግራ እጅ ነው። የግራ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ዝም ያሰኛሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። አስቡት፦ ጊታሪስቶች አምፕሊፋየር ከመጣ በኋላ የተማሩት ክር የማፈን ጥበብ ለክራር ተጫዋች የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው። የታፈነ ክር አይፎጭም። ልምድ ያለው ተጫዋች ፉጨቱ ሊመጣ ሲል፣ ገና «እም...» ሲል፣ ይሰማዋል፤ ቆዳው ከጆሮ በፊት ለጣት ይናገራልና።

እና በሚመጣው ጥር ቆቦም ሆነ ጎብዬ፣ ሮቢትም ሆነ ዋጃ ሰርግ ከተጠራችሁ፣ ከሞንታርቦው ራቅ ብላችሁ የክራር ተጫዋቹ ግራ እጅ የሚታያችሁ ቦታ ተቀመጡ። ዘፈኑ አልቆ ቀኝ እጁ ሲያርፍ፣ የግራ መዳፉ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከድኖ፣ የመዳፉ ጠርዝ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ ሞንታርቦዎቹም ዝም ይላሉ፣ ጀነሬተሩ ብቻ ከጓሮ ይሰማል።